ወኪሏ ፈቅዳለች

ፈቃዱ የደረሰው ትርሲት ደምሰው ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ ነው።

ማመልከቻውን ያስገባችው ገና ከአልጋዋ ሳትነሳ ነበር። አማካሪዋ ዶክተር ይርጋለም እንደሚያወሩት፣ እሳቸው ተማሪ በነበሩበት ዘመን በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ለማስፈቀድ ወራት ይፈጅ ነበር። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ይከራከራል፤ "ይህችን ዐረፍተ ነገር አስተካክለህ ተመለስ" ይላል፤ አስተካክሎ ሲመለስ አንዱ አባል ታሞ ስብሰባው ይተላለፋል። አሁን የአባላቱ ወኪሎች ያነቡታል፣ የተሳታፊዎቹ ወኪሎች ይስማማሉ፣ በቃ።

መስታወቱ ጥግ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። የትርሲት ወኪል በራሷ በትርሲት ድምፅ፣ "እንኳን ደስ አለሽ። ኮሚቴው አጽድቆታል። ተሳታፊዎቹም ሁሉም ፈቅደዋል" አለቻት።

ትርሲት አረፋውን ተፋችና "እሺ" አለች።

እንደማንኛውም ሰው ወኪል፣ ማለትም ባለቤቷን አጥንታ በእሷ ፈንታ የምትወስን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የተሰጣት አካለ መጠን ስትደርስ ነው። ወኪሏ ቀበሌ ትሰለፍላታለች፣ ከአከራይዋ ጋር ትነጋገርላታለች፣ ሐኪም ዘንድ የቱ ጋ እንደሚያማት ትናገርላታለች። ትርሲት ለመጨረሻ ጊዜ በገዛ እጇ የፈረመችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም። ያን ቀን ጠዋትም አላሰበችውም። ለዶክትሬቷ የቀራት ይህ ሙከራ ብቻ ነበር፤ ደስ ብሏት ጫማዋን አደረገች።

ታችኛው አዋሽ ላይ ከረፋድ በኋላ ውጪ መሥራት በሕግ ክልክል ነው። ሳይረን ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ ይተኛል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሌላ ሳይረን ይጮኽና ከተማው እንደገና ይነሳል። የሶላር እርሻው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ግን በቀትርም ሰሌዳዎቹን የሚያጥብ ሰው ፈለገ። አቧራ በቀትር ይበዛል፤ ማሽኖቹም በሙቀቱ ይቆማሉ። ስለዚህ፣ ክልከላው እንዲነሳለት፣ የትርሲትን ምርምር ደገፈ። ምርምሩ ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር ስለምትገባ አንዲት የመድኃኒት ፍሬ ነው። ፍሬዋ ከገባች ሰውነት ሙቀትን ይችላል፤ ሰውየውም ሙቀቱ አይሰማውም። በመቶ ሺህ ወኪሎች ላይ ተሞክሮ አንዱም አልታመመም። ሰው ላይ ሲሞከር ግን የመጀመሪያው ነበር።

ትርሲት ከነርሷ ጋር የሠራተኞቹ መንደር ስትደርስ ሰልፉ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። ወኪሎቻቸው ቀጠሮውን በጽሑፍ ስለላኩላቸው ሰዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው በዝምታ ቆመዋል። የፍሬዎቹን ሳጥን የሚከፍተው የዋናው ተመራማሪ አውራ ጣት ነው፤ ትርሲት ጣቷን ለማስቀመጥ እጇን ስትዘረጋ በሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆመችው ሴት ተናገረች።

"ምንድን ነው እሱ?"

አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ፊቷ በሻሽ እስከ አገጯ ተጠምጥሟል፤ በእጇ የሰሌዳ መጥረጊያዋን ይዛለች። ስሟ መዲና ያዮ ነው።

"የሙቀት መቻያው ነው" አለች ትርሲት። "ፈቅደሻል እኮ።"

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። ወኪልሽ ፈቅዳለች።"

"እኔን የጠየቀኝ የለም" አለች መዲና። "አልፈልግም።"

ነርሷ የያዘችውን የፈቃድ ማረጋገጫ መሣሪያ ወደ መዲና ፊት አዙራ ነካችው። መሣሪያው "ጊዜያዊ መረበሽ። ወኪል ፈቃዷን አጽንታለች። ተሳታፊዋን አረጋግተው ይቀጥሉ" ሲል አነበበ። ነርሷም እንደተባለችው፣ "አይዞሽ እናቴ፣ አያምም" እያለች የመዲናን ክንድ ያዘች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሁልጊዜ የምትሠራው እንደዚህ ነው። መዲና ክንዷን መነጨቀች። መጥረጊያው ወደቀ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች መሬት መሬት አዩ።

"ተይ! ልቀቂያት" አለች ትርሲት።

"መሣሪያው ቀጥይ እያለኝ ነው።"

"እኔ ደግሞ አቁሚ እያልኩሽ ነው።"

ነርሷ ትርሲትን እንደ ታማሚ አየቻትና ክንዱን ለቀቀች።

ዶክተር ይርጋለም ወዲያው ደወሉ። ሙከራው መቆሙን የነገራቸው ኩባንያው ነው። ድምፃቸው የተቆጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ለስለስ ያለ ነበር፤ ትርሲትን ያስፈራትም እሱ ነው።

"ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ሴትየዋ እኮ ፈቅዳለች።"

"ሴትየዋ አጠገቤ ቆማለች ዶክተር። አልፈቀደችም።"

"አሁን ተረብሻ ይሆናላ። ሰው በመርፌ ፊት ሲቆም ይረበሻል። ለዚህ እኮ ነው ወኪልን የምንጠይቀው፤ ረጋ ብላ አስባ የምትመልሰው እሷ ናት። ይሄን አንቺ ታጪዋለሽ?"

"አላጣውም።"

"ታዲያ?"

ትርሲት የወደቀውን መጥረጊያ አነሳች። ያን ሁሉ ዓመት ስትማር ይህን ጥያቄ የጠየቃት የለም። በመጨረሻ፣ "ጉዳዩ ኮሚቴው ፊት ይቅረብልኝ። ደንቡ ይፈቅድልኛል" አለች።

"ይፈቅድልሻል" አሉ ዶክተር ይርጋለም። "እስካሁን ያደረገው ሰው ግን አላውቅም።"

ኮሚቴው በማግስቱ ጠዋት ተሰየመ። አዳራሹ ለብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ ይመስላል፤ ወንበሮቹ ላይ አቧራ ነበር። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ በየወንበሩ ፊት ትንንሽ መስኮቶች በርተዋል፤ በየመስኮቱ የአንድ አባል ፊት አለ። ሁሉም ወኪሎች ናቸው። በአካል የተገኙት ሊቀ መንበሩ ፕሮፌሰር ወርዶፋ ገነነ ብቻ ነበሩ፤ አረጋዊ፣ ቀጭን፣ ሱፍ የለበሱ ሰው። ባይመጡም ማንም አይጠይቃቸውም ነበር፤ የእሳቸውም ወኪል አጠገባቸው መስኮት ውስጥ ተቀምጦላቸዋል። ምናልባት እንዲህ ያለ ስብሰባ ናፍቋቸው ይሆናል።

መዲና ከመንደሩ ከትርሲት ጋር መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ዶክተር ይርጋለም ከወዲያ ማዶ ተቀመጡ።

"ወይዘሮ መዲና" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ "ኮሚቴው ለምን እንደማይፈልጉ ሊረዳ ይወዳል።"

"አልፈልግም።"

"ገብቶኛል። ምክንያትዎን ነው የምጠይቅዎት።"

"አልፈልግም አልኩ። ምክንያት ካልነገርኩ ክንዴ የእኔ አይደለም?"

ከመስኮቶቹ አንዱ፣ "ምክንያት የሌለው እምቢታ የመረበሽ ምልክት ነው" አለ። ሌላው፣ "የተሳታፊዋ ወኪል ትናገር" አለ።

ከአዳራሹ ጣሪያ የመዲና ድምፅ መጣ።

መዲና ከወንበሯ ብድግ አለች። ወኪሏን ሰምታ አታውቅም። ወኪሏን የሚያናግሯት ቢሮዎች ናቸው፤ ክሊኒኩ፣ የውሃ ክፍሉ፣ ኩባንያው። ድምፁ የእሷ ነው፤ ያው የጎረነነ፣ ቃሉን ከመጨረሱ በፊት ትንሽ የሚያዝ ድምፅ። የሚናገረው ግን እንደ ዜና አንባቢ ነው።

"ስሜ መዲና ያዮ ነው" አለ ድምፁ። "ጥናቱን አንብቤዋለሁ። ልጄ ከተማ ሄዳ እንድትማር እፈልጋለሁ፤ የቀትር ሥራ ካገኘሁ ይሳካልኛል። ሙቀቱ ይመርረኛል። ባሌን የገደለው ሙቀት ነው። ሙቀት የማይሰማኝ ብሆን ደስ ይለኛል። በሙሉ ፈቃዴ እስማማለሁ።"

መዲና ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ትርሲት እጇን ልትይዛት ፈልጋ ፈራች።

"ይሄ ውሸት ነው?" አሉ ፕሮፌሰሩ ዝግ ብለው።

"አይደለም" አለች መዲና። እንባዋ መጥቶ ነበር። "ባሌ በሙቀት ነው የሞተው። ልጄም እንድትማር እፈልጋለሁ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን አልፈልግም።"

ይህን ማንም አልጠበቀም። ከዚያ ከመስኮቶቹ አንደኛው፣ "ዋና ተመራማሪዋም ትጠየቅ" አለ፤ ትርሲት አፏን ሳትከፍት የእሷም ወኪል ከጣሪያው ተናገረች። "ትርሲት ሥራ ልትጨርስ ስትል ትፈራለች" አለች በትርሲት ድምፅ። "የሁለተኛ ዲግሪዋንም እንዲሁ ልትተወው ነበር። ያልፍላታል። ሙከራው ቢቀጥል በኋላ ታመሰግናለች።"

ትርሲት ፊቷ ጋለ። የከፋው ነገር የሁለተኛ ዲግሪው ታሪክ ልክ መሆኑ ነው።

ድምፅ ተሰጠ። እጅ አልወጣም፣ አልተቆጠረም፤ በመስኮቶቹ ሁሉ አረንጓዴ በራ። የፕሮፌሰሩም መስኮት አረንጓዴ ነበር።

መዲና ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። በቆላው አማርኛ አንቱታ ብዙ አይለመድም። "አንተ" አለቻቸው፣ "አንተ እዚህ አለህ አይደል? አንተ ምን አልክ?"

ፕሮፌሰር ወርዶፋ አጠገባቸው ያለውን አረንጓዴ መብራት አዩ። "የእኔ ድምፅ ተቆጥሯል" አሉ።

"አንተን እኮ ነው የጠየቅኩህ።"

ፕሮፌሰሩ ወረቀት የሌለበትን ጠረጴዛ በእጃቸው ጠረጉ።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ይርጋለም ትርሲትን ደረሱባት። "ነገ ጠዋት ነርሷ ትመለሳለች" አሉ። "አንቺ ባትመጪም ግድ የለም፤ ሳጥኑን ወኪልሽ በተመዘገበው አሻራሽ ትከፍተዋለች። እረፊ። ደክሞሻል።" እውነትም ያዘኑላት ይመስሉ ነበር።

መዲናና ትርሲት ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሳይረኑ ሊጮኽ ጥቂት ቀርቶታል፤ ሱቆች መዝጊያቸውን እያወረዱ ነው።

"ነገ ይይዙኛል?" አለች መዲና።

"ወኪልሽ እስካለች ድረስ ይይዙሻል።"

"ባትኖርስ?"

ውክልና መሻር ይቻላል። ሕጉ ላይ አለ፤ የሚያደርገው የለም እንጂ። ወኪል የሌለው ሰው በር አይከፈትለትም፣ አውቶቡስ አያሳፍረውም፣ ደመወዙ አይደርሰውም። ትርሲት ይህን ሁሉ ለመዲና ነገረቻት። መዲና እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ "ቢሮው የት ነው?" አለች።

ሮጡ። የውክልና ጽሕፈት ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ሲደርሱ ጸሐፊዋ መጋረጃ እየሳበች ነበር። ጉርድ ቀሚስ የለበሰች ወፍራም ሴት ናት። ምን እንደሚፈልጉ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቢያ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች፤ ማኅተሙ የት እንዳለ ረስታዋለች።

መዲና ጣቷን አስቀመጠች። ከማሽኑ አንድ አጭር ድምፅ ወጣ፤ አለቀ። የመዲና ፈቃድ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የለም።

"ጨርሳችኋል?" አለች ጸሐፊዋ።

ትርሲት እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። የመጡበት ጉዳይ ተሳክቷል፤ መዲናን የሚነካት የለም። አንዲት ሴት ከምርምሩ ትወጣለች፣ ትርሲት ይቅርታ ትጠይቃለች፣ በዓመቱ መጨረሻ ትመረቃለች። ግን በሰልፉ ላይ መሬት መሬት ሲያዩ የነበሩት ሰዎች ታወሷት። የአንዳቸውንም ድምፅ አልሰማችም። ምናልባት ሁሉም ይፈልጉ ይሆናል። አታውቅም፤ ያስጨነቃትም አለማወቋ ነው። ነገ ጠዋት ሳጥኑ በእሷ አሻራ፣ በእሷ ስም ይከፈታል።

"እኔም አለሁ" አለች።

ወኪሏ በጆሮዋ፣ "ትርሲት፣ አታድርጊው። እናትሽን አስቢ። እባክሽ" አለቻት። ልመናዋ ልክ እንደ ሰው ነበር። ትርሲት ጣቷን አስቀመጠች። ድምፁ በመሃል ተቆረጠ፤ ጆሮዋ ውስጥ ሰምታው የማታውቀው ባዶነት ሆነ።

ሲወጡ ሳይረኑ ጮኸ።

መንገዱ ወዲያው ጭር አለ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይመጣል። ትርሲት ከፊታቸው ወዳለው የሕዝብ መጠለያ ሄዳ እጇን በሩ ላይ ዘረጋች፤ በሩ ዝም አለ። ሁለተኛውም ዝም አለ። ፋርማሲው፣ ባንኩ፣ መናኸሪያው ሁሉ ያው ሆነ። በመስታወቱ ውስጥ በጥላ የተቀመጡ ሰዎች ያዩአቸዋል፤ ምናልባት ወኪሎቻቸውን ምን ይሻላል እያሉ ይጠይቁ ይሆናል። የትርሲት ምላስ ደረቀ። ግንባሯ ላይ የነበረው ላብ ቆመ፤ ሰውነት በሙቀቱ ሲሸነፍ ላብ እንደሚቆም ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የጻፈችው ስለሱ ነው። መሬት ተቀመጠች።

መዲና ሻሿን ፈታ የትርሲትን ራስ ሸፈነችና በብብቷ ደግፋ ወደ መጡበት መለሰቻት። የጽሕፈት ቤቱን በር በእጇ ሙሉ ደበደበች። በሩ አይከፈትም። ደበደበች። ከውስጥ የብረት መንጓጓት ተሰማ፤ ጸሐፊዋ መቀርቀሪያውን በእጇ ስባ በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

"ግቡ! አብዳችኋል እንዴ?" አለች። "በሩ ወኪልሽን ጥሪ እያለ ይጮኽብኛል። ሰው አይታይህም ወይ አልኩት።"

ሦስቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው እስኪያዘቀዝቅ ድረስ ከአንድ ጆግ ውሃ ጠጡ። ብዙም አላወሩም።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑ አልተከፈተም። ወኪል የሌለው ሰው ዋና ተመራማሪ አይሆንም፤ ዋና ተመራማሪ የሌለው ምርምር ደግሞ ፈቃዱ ይወድቃል። ትርሲት ከዩኒቨርሲቲው ስሟ ተሰረዘ። የኪራይ ክፍሏ በር ስለማይከፈትላት ልብሷን እንኳ አላወጣችም። መንደሩ ውስጥ መዲና ቤት ገባች። መዲናም ከሥራ ታግዳለች፤ ጎረቤቶች ከየራሽናቸው ውሃ ይቀንሱላቸዋል፤ በምላሹ ሁለቱ የጎረቤቶችን ሕፃናት ይጠብቃሉ። ትርሲት ማታ ማታ እናቷ ምን ብላ ይሆን ብላ ታስባለች። ወኪሏ ከሌለች እናቷ ዘንድ የሚደውልላት የለም። አንዳንድ ቀን ያደረገችው ነገር ልክ መሆኑን ትጠራጠራለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አታስበውም።

ከሳምንታት በኋላ ዶክተር ይርጋለም ራሳቸው ዋና ተመራማሪ ሆነው አዲስ ማመልከቻ አስገቡ። የአባላቱ ወኪሎች አጸደቁት፤ የሠራተኞቹ ወኪሎችም እንደገና ፈቀዱ። አንድ መስኮት ብቻ አረንጓዴ አልሆነም። ፕሮፌሰር ወርዶፋ ወኪላቸውን "አንተ ቆይ" ብለውት ነበር።

ጠዋት በማለዳ፣ ዶክተር ይርጋለምና ነርሷ ሳጥኑን ይዘው ወደ መንደሩ ሲመጡ፣ ፕሮፌሰሩም አብረው መጡ። ያንኑ ሱፍ ለብሰዋል። በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል፤ ጥናቱን ወረቀት ላይ አትመውት ነው። ሰልፉ እንደ ድሮው ቆሟል። መዲናና ትርሲት ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ያያሉ።

መጀመሪያ የቆመው ሁመድ የሚባል ወጣት አባት ነው። እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቧል።

"አስገቢው" አለ ነርሷን።

"ቆይ" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ሳላነብልህ አይሆንም።"

"ፈቅጃለሁ እኮ። እኔ ራሴ ነኝ የምልህ። ሥራውን እፈልገዋለሁ።"

"ይሁን። ላንብብልህ።"

አነበቡ። ጮክ ብሎ ማንበብ አልለመዱም፤ ይሰናከላሉ፣ መስመር ይዘልላሉ፣ ተመልሰው ያነባሉ። ሰልፉ መጀመሪያ ተሰላቸ፤ በኋላ ቀረብ ቀረብ እያለ ከበባቸው። ዶክተር ይርጋለም ወደ ሰማይ ወደ ፀሐይዋ ደጋግመው ያያሉ።

"ጥያቄ አለህ?" አሉ ፕሮፌሰሩ ሲጨርሱ።

ሁመድ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። "እኔ?" አለ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ክንዱን እያሻሸ አሰበ። ማሰቡ ረዘመ፤ ማንም አላስቸኮለውም።

"የሶላሩን ሥራ ስተወው፣ ወደ ከብቶቼ ስመለስ፣ ፍሬው በየት በኩል ነው የሚወጣው?"

ፕሮፌሰሩ ገጽ ገለጡ። ሌላ ገለጡ። ዶክተር ይርጋለምን አዩ፤ ዶክተሩ ከሳጥኑ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

"አይወጣም" አለች ትርሲት ከደጃፍ። ድምፅዋ ጮክ ብሎ ወጣ። "ከሥጋህ ጋር ይዋሃዳል። አይወጣም።"

"ሙቀቱስ? ተመልሶ ይሰማኛል?"

"አናውቅም።"

ሁመድ ፕሮፌሰሩን ተመለከተ። "እውነቷን ነው?"

ፕሮፌሰር ወርዶፋ ወረቀቱን አጠፉት። "እውነቷን ነው" አሉ።

ሁመድ እጅጌውን ቀስ ብሎ ወደ ታች መለሰና የአንጓውን ቁልፍ ቆለፈ። ከሰልፉ ግን አልወጣም፤ ጎን ሆኖ ቆመ። ነርሷ ሳጥኑን ትታ ጥላ ውስጥ ተቀመጠች። ከሁመድ ኋላ የነበረችው አሮጊት ከዘራዋን እየተከለች ወደ ፕሮፌሰሩ ቀረበች፤ እጅጌዋን አልሰበሰበችም።

"እኔም የምጠይቀው አለኝ" አለች።